አርባ አንደኛው ቀን

በእኛ አዳራሽ ጉም የማይስብ ሰው ዕረፍት የለውም። እያማረርኩ አይደለም፣ አሠራሩን ነው የምነግራችሁ። በየሰዓቱ ሰባት ደቂቃ ይሰጣል፤ የበረንዳው በር ግን የሚከፈተው ደጃፉ ላይ ቆሞ የጉም መሳቢያ ቀሰሙን አንድ ጊዜ ለሳበ ሰው ብቻ ነው። ላልሳበ በሩ ዝም ይላል። ማንም አልከለከለህም፣ ማንም አላስገደደህም፤ ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ ትውላለህ።

ሥራችን መስማት ነው። ዘመኑ 2069 ዓ.ም.፣ ከተማው ደብረ ብርሃን፣ ፎቁ አምስተኛ። ሁለት መቶ ወጣቶች ጆሯችን ላይ ማዳመጫ ጭነን ማሽኑ ከደንበኞች ጋር ሲያወራ እንሰማለን። ማሽኑ ሰው ያስቀየመ እንደሆነ ቁልፍ ተጭነን እንገባና በሰው ድምፅ ይቅርታ እንጠይቃለን። እኔ ሐሴት እባላለሁ፣ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ባላጠፋሁት ጥፋት በቀን መቶ ጊዜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚያ ሰባት ደቂቃ በረንዳ ላይ፣ ብርዱ ፊቴን እየገረፈኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር። እስቲ ማን ነው የማይስብ?

ቀሰም አንገት ላይ ይንጠለጠላል። አሮጊቶቹ ከማተብ ጎን ሲያዩት ያማትባሉ፣ እኛ ለምደነዋል። ማስታወቂያው ከታገደ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ማስታወቂያ የሚያስፈልገውም የለም። ስድስት ስድስት ሆነን ክበብ አለን። ከክበቡ አንዱ ሲስብ የሌሎቹ ቀሰም አንገታቸው ላይ ይነዝራቸዋል፣ ስድስቱም ከሳቡ ቀሰሞቹ ላይ ሰማያዊ መብራት ቦግ ይላል። መብራቱ ምንም አይሠራም። ሳይበራ ሲቀር ግን አምስቱ ዞረው ስድስተኛውን ያዩታል። ያቺን አስተያየት የማልችል ልጅ ነበርኩ፣ አሁንም አልችላትም።

የጀመርኩት ዘጠነኛ ክፍል ነው። ጣፍጦኝ እንዳይመስላችሁ። «የዝናብ ሽታ» ይሉት ነበር፣ ከዝናብ ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ጉሮሮ ይልጣል። ከክፍላችን ሠላሳ ስድስት ልጆች አንገታችን ባዶ የነበርነው ሁለት ነበርን፤ ሁለተኛዋ ልጅ ሰኞ ዕለት አንጠልጥላ መጣች። ማክሰኞ እኔም አንጠለጠልኩ። ሰው ምክንያት ሲጠይቀኝ ትልቅ ነገር የምነግረው ይመስለዋል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቀሰም ሲገዛ ደግሞ ድምፅ ይቀዳለታል፣ የምትወደው ሰው ድምፅ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አዲሱን ስገዛ የወንድሜን አስቀዳሁ። ኢዮስያስ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። በየጠዋቱ ከቤት ስወጣ በር ላይ ቆሞ የሚለኝ ነገር አለው፤ «እታለም፣ ዛሬስ ምን ታመጪልኛለሽ?» እሷን አስቀዳሁት፣ መጨረሻው ላይ ራሱ ሳቀ። ቀሰሙ ግን ብልጥ ነው። በራሱ ጊዜ የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው። «እታለም፣ ዛሬስ?» ይልና ፀጥ ይላል። ቀሪዋንና ሳቁን ለመስማት መሳብ ነው።

አሁን የማልወደውን ነገር ልናገር። ኢዮስያስን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ።

የስምንተኛ ክፍል ውጤቱ የመጣ ቀን እናታችን ዶሮ ሠራች፣ ሁላችንም በየተራ አጎረስነው። ከዚያ እኔ ቀሰሜን ከአንገቴ አወጣሁ። የመጀመሪያ ጉም የሚሰጠው በሚወድህ ሰው እጅ ነው። ይህን ያመጣው ኩባንያው አይደለም፣ እኛው ነን። የቀረበ ጉርሻ መመለስ ነውር ነው አይደል፤ ጉሙንም እንደዚያው አደረግነው። ኢዮስያስ ፊቱን አዞረ። «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» አልኩት። ሳበ። ሳል አጣደፈው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ሁላችንም ሳቅን። እናቴም ሳቀች።

በአሥራ ሰባት ዓመቱ ደረጃ መውጣት አቃተው። መስከረም ላይ ሆስፒታል አስተኙት። በአፍንጫው ቱቦ ገባለት፤ ከሁለት ቃል በኋላ ለትንፋሽ ይቆማል።

ሐኪሟ ዶክተር ኢክራም ትባላለች፣ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት። እናቴንና እኔን አስቀምጣ ነገሩን ነገረችን። የወንድሜ ሳንባ ደርቋል። የእናቴ አይስማማውም፣ የእኔ ይስማማል። ከሳንባዬ ቁራሽ ተወስዶ ይገባለታል፣ ሁለታችንም እንኖራለን።

«ግን አርባ ቀን ምንም ሳትስቢ» አለችኝ። «ደግሞ ልብ በይ፣ ካቆምሽ በኋላ የምትስቢው የመጀመሪያው ከሁሉ የከፋ ነው። ሳንባሽ ያብጣል። ያበጠ ሳንባ ለእሱ መርዝ ነው።»

እናቴ ወይዘሮ ሶሊያና ትባላለች። በልጅነቷ ዘመናዊ ስም ነበር ትላለች፤ አሁን የእድራችን እናቶች ግማሾቹ ሶሊያና ናቸው። ነጠላዋን አስተካከለችና ፊቷ በራ። «አርባ ቀን? አርባ ቀንማ እንደ ጾም ይያዛል። ጌታችንም ጾሞታል። እኔና አንቺ ስንት ሁዳዴ አሳልፈን የለ እንዴ፣ ልጄ?»

ዶክተር ኢክራም ፈገግ አለች። እሷም በራሷ ሃይማኖት ጾም ታውቃለች፣ ነገሩ የገባን መሰላት። ያ ፈገግታዋ እስከ ዛሬ ያበግነኛል። አንዳችንም ጾም መፍቻ እንዳለው አላነሳንም።

ጥቅምት ስምንት ቀን ጀመርኩ። ቀሰሙን እናቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። «ጣይው» አላለችኝም፣ እኔም አልጣልኩትም። የጾም ጊዜ ሥጋ ቤት አይፈርስም፣ ይዘጋል እንጂ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እጄ የእኔ አልነበረም። በደቂቃ ውስጥ አሥር ጊዜ ወደ አንገቴ ይሄዳል፣ ባዶ ገመድ ይዞ ይመለሳል። በአራተኛው ቀን አፌ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ነገር ገባ፣ ውሃውም ምግቡም ያው ሆነ። በስምንተኛው ቀን አዳራሽ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ገብቼ አለቀስኩባት፤ ሴትዮዋ «አይዞሽ፣ ግድ የለም፣ መብራት ብቻ ነው የጠፋብኝ» አለችኝ። ዕረፍት የለኝም። ሁለት መቶ ሰው ተነስቶ ሲወጣ እኔ ከባዶ ወንበሮች ጋር እቀራለሁ፤ በመስታወቱ አሻግሬ ጓደኞቼን አያለሁ። ጉሙ ከከተማው ጉም ጋር ተቀላቅሎ ፊታቸው አይለይም።

መጀመሪያ አዘኑልኝ። ያብሥራ፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ፣ «ጎበዝ፣ ለኢዮስ ስትዪ ቻይው» ይለኝ ነበር። ልጅ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ግን ሰማያዊው መብራት አሥር ቀን ሙሉ አልበራም። በአሥራ አንደኛው ቀን ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ልጅ በእኔ ቦታ አስገቡ። መብራቱ ሲበራ በመስታወቱ አየሁት። ያብሥራም እንዳየሁ አየ፣ ጀርባውን ሰጠኝ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ለጉም ማቆሚያ እርዳታ መስመር ደወልኩ። መንግሥት የከፈተው ነጻ መስመር ነው። የምሳ ሰዓት ነበር፣ ደረጃው ሥር ቆሜ።

«ደህና ዋሉ» አለኝ ማሽኑ። «ምን ይሰማዎታል?»

«ሰው መግደል» አልኩት።

«ይህ የተለመደ ስሜት ነው። ትንሽ አየር እንዲያገኙ የዕረፍት ሰዓትዎን እንዲጠቀሙ እንመክራለን።»

«ዕረፍት የሚሰጠኝ ከሳብኩ ነው።»

«ገብቶኛል። እንግዲያው የዕረፍት ሰዓትዎን እንዲጠቀሙ እንመክራለን።»

ጮህኩበት። ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ከዚያ አንድ ነገር ቀጭ አለና የሰው ድምፅ ገባ። «ስለተፈጠረው ነገር ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ እመቤት።» ያብሥራ ነበር፤ ይህንንም መስመር የሚሰማው የእኛው አዳራሽ ኖሯል። ወደ ማን ጥሪ እንደሚገባ አያውቅም፣ እኛ የምንሰማው ድምፅ ብቻ ነው። «ያብሥራ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ የተጻፈለትን ደግሞ አነበበልኝ፤ «ስለትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» ካላነበበ ይቀጡታል፣ አልፈርድበትም።

ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ሆስፒታል ሄድኩ። ኢዮስያስ ትራሱን ደገፍ ብሎ ተቀምጧል። በየቀኑ የሚያደርገውን አደረገ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ ቆጠረልኝ። አሥር፣ ከዚያ ሰባት።

«ሃያ ሦስት... ቀረሽ» አለ።

«አቁም» አልኩት። «መቁጠርህን አቁም። ላንተ ስል ምን እንደሆንኩ ታውቃለህ? ባትወለድ ይሻለኝ ነበር።»

ብዬዋለሁ። ለሚሞት ልጅ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንኳ አንድ ብስብ ኖሮ አልለውም ነበር ብዬ አሰብኩ፤ እስከዚህ ድረስ ወርጄ ነበር። ኢዮስያስ አልተቀየመኝም። ቱቦውን አስተካከለና አየኝ።

«እኔም... ያምረኛል» አለኝ። «አሁንም። ትንፋሽ የለኝም... ያምረኛል። አይገርምም?»

«አይገርምም» አልኩና አልጋው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ጣቱን ፀጉሬ ውስጥ አስገብቶ ቆየ። ሲደክመው አወጣው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ በቅጡ አላውቅም። እናቴ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትደውልልኛለች፤ «ዛሬንም አሳለፍሽው፣ ልጄ» ትለኛለች። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሱቅ ስገባ «ስንት ቀረሽ?» ይሉኛል። መፍቻዬን ከእኔ ጋር የሚጠብቁ ይመስል ነበር። ሠላሳ ሲሞላኝ ባለሱቁ ማር ሰጠኝ። እኔም መቁጠሬ ኃይል ሆነኝ፤ አርባ ላይ አንድ በር አለ፣ ከበሩ ወዲያ ማረፍ አለ ብዬ ነው የቆጠርኩት። ከበሩ ወዲያ ያለው ኢዮስያስ መሆኑ አልጠፋኝም። ግን ሌላም ነገር እዚያ ይጠብቀኝ ነበር፣ እንዳላየ አልፈው ነበር እንጂ።

አርባኛው ቀን ኅዳር አሥራ ሰባት ዋለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና በር ሄጄ ነፋሁ። በሩ ትንፋሽ ይለካል፣ ንጹህ ያልሆነ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል አያልፍም። አረንጓዴ በራ። ነርሷ አቀፈችኝ።

«ጨርሰሻል» አለችኝ። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ድረሺ። ዶክተር አንቺን ታስቀድማለች።»

ጨርሰሻል አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሃያ ጊዜ ለራሴ ደገምኳት።

ቤት ስገባ እናቴ ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ ጠበቀችኝ። ጠረጴዛው ላይ የጾሙ አልጫ፣ ሽሮው፣ ሁሉ ቀርቧል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ሲል ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ነጩን ጨርቅ ፊቴ ፈታችው።

«አርባሽን ጨረስሽ፣ ልጄ» አለች። «ነገ ደግሞ ደረትሽን ይከፍቱታል። የሚሆነውን ማን ያውቃል። ስትሰቃዪ እያየሁ አርባ ቀን ቻልኩ፤ ዛሬ አንድ ጊዜ ፊትሽ ሲፈታ ልይ። በእጄ ላጉርስሽ።»

እናቴ በሕይወቷ ቀሰም ወደ አፏ አስጠግታ አታውቅም። ገልብጣ ይዛው ነበር፣ የሚሳብበትን ጫፍ ወደ ራሷ አድርጋ።

አውቅ ነበር ወይስ አላውቅም ነበር? ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል፣ ልዋሽ አልፈልግም። ዶክተሯ «የመጀመሪያው ከሁሉ የከፋ ነው» ያለችው ቃል ውስጤ ነበር። ስልኬ ላይም ወረቀቱ አለ፣ «እስከ ቀዶ ሕክምናው ሰዓት» ይላል፣ አንብቤዋለሁ። ግን አርባ ተብዬ አርባ ቆጥሬአለሁ። ነርሷ ጨርሰሻል ብላለች። ሰዓቱ ዘጠኝ ብሏል። እናቴ እጇን ዘርግታለች። ማወቄን ከእነዚህ ሁሉ ኋላ አስቀመጥኩት፤ እዚያ ሆኖ ዝም አለ። «እማ፣ ይቅር» ማለት ሁለት ቃል ነው።

ቀሰሙን ከእጇ ሳልወስድ አቃናሁላት። «እንዲህ ነው» አልኳት። ከዚያ ሳብኩ።

«እታለም፣ ዛሬስ ምን ታመጪልኛለሽ?» አለ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ኢዮስያስ፣ ሳቀም። እናቴ የልጇን የድሮ ድምፅ ሙሉውን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ተደሰትኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ቀይ በራ።

ዘበኛው ጋሽ ናትናኤል ይባላሉ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። «ብርዱ ይሆናል፣ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩ። ቀይ። በጋቢያቸው መለኪያውን ወለወሉልኝ። ሦስተኛውን ስነፋ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስገልጠው ከፊታቸው ነው ያወቅኩት።

ዶክተር ኢክራም የቀዶ ሕክምና ቆቧን እንዳደረገች ወጣች።

«ስንት?» አለችኝ።

«አንድ።»

«መቼ?»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት። አርባው ካለቀ በኋላ።»

«ካለቀ በኋላ» አለች ቀስ ብላ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ እንደዚያ ዓይነት ሰው ደረጃ ላይ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። «እስከ ቢላዋው ድረስ ነው እኮ፣ ሐሴት። መቁጠሪያው አርባ አንድ ነበር። ዛሬ ነበር።»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ ከኋላዬ። «እሷን አይውቀሷት፣ ዶክተር። በእጄ ነው የሰጠኋት። ጾም መስሎኝ ነው።»

«ዛሬ እንደምንም አይሆንም?» አልኳት። «እኔ ልሙት፣ ግድ የለኝም። ቁረጡና ስጡት።»

«አንቺ አይደለሽም የምትሞቺው» አለችኝ። «ካበጠ ሳንባ የሚሞተው እሱ ነው፣ ዛሬውኑ። ሌላ አርባ ቀን እንዳልልሽ ደግሞ...» አልጨረሰችውም። እሱ አርባ ቀን የለውም ማለቷ እንደሆነ ገባን።

ኢዮስያስን ደረቱን ላጭተው፣ አረንጓዴ ልብስ አልብሰው፣ በተሽከርካሪ አልጋ ኮሪደሩ ላይ አውጥተውት ነበር፤ ዶክተሯ በሩን ይዛ ወደ እሱ አሳለፈችኝ። ሲያየኝ ጣቶቹን አነሳ፣ አሥር አሥር አድርጎ አራት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ። ያኔ ነገርኩት። ሁሉንም፣ አንድም ሳላስቀር።

የዘረጋቸውን ጣቶች አጠፈ።

«ጣመሽ?» አለኝ።

ምን እንድለው ፈልጋችሁ ነበር? «አዎ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፣ እንደሚያውቀው። በእርግጥም ያውቀዋል። «በቃ... ከአንድ ጀምሪ» አለ።

«ለምኑ ብዬ?»

«ጀምሪ። እኔ... ልቁጠርልሽ።» አንድ ጣቱን አነሳ።

እንደዚያ ሆነን ቀጠልን። በየቀኑ ሄጄ አልጋው አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ጣቱን ያነሳል። ነርሶቹም፣ ዶክተር ኢክራምም፣ ቀኑ እንደማይበቃው እያወቁ «ዛሬ ስንት ሆነሽ?» ይሉኛል። ሁለት። አምስት። ዘጠኝ። ከአሥራ አራት በኋላ ጣቱን ማንሳት አቃተው፣ እኔ አንድ በአንድ እያነሳሁለት ቆጠርን። እናቴ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ መደበቅ ጀመረች። በግራዋ ትበላለች፣ በግራዋ ታማትባለች። «ተይ እማዬ» ብላት አልሰማ አለችኝ።

ታኅሣሥ ስድስት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ስንቆጥር ሞተ። አሥራ ዘጠነኛውን ጣት ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እጁ ሞቃት ነበር።

ለቅሶው ላይ የክበቡ ልጆች መጡ። ድንኳኑ ውስጥ በአንድ ረድፍ ተቀምጠው ሳቡ፣ ሰማያዊው መብራት በራ። በልባቸው እያዘኑልኝ ነው። ያብሥራ ተነስቶ አጠገቤ መጣ፣ በእጁ የራሱን ቀሰም ወደ አፌ አቀረበ።

«ቦታሽ አለ» አለኝ። «አሁን እኮ ምንም የሚከለክልሽ የለም። አንድ ብቻ፣ ለሐዘንሽ።»

እውነቱን ነበር፣ ምንም የሚከለክለኝ አልነበረም። ፊቴን አዞርኩ። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያብሥራ እጁ ባዶ ላይ መቅረቱን አየ፣ «ምን ያለች ኩሩ ናት» ሲሉም ሰማሁ። ሃያ። ልቤ ውስጥ ቆጠርኩ። ቆጠራውን ያስጀመረኝ ኢዮስያስ ነው፣ ማቆም አልቻልኩም።

ሌላው ግን የቤቱ ነገር ነው። ቀሰሙ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ነበር። በየጠዋቱ፣ ድሮ ከቤት በምወጣበት ሰዓት፣ ከጨርቁ ውስጥ «እታለም፣ ዛሬስ?» ይላል። ከዚያ ፀጥ። ከቀብሩ ወዲህ መጀመሪያ በሰማሁት ቀን ልሰብረው ድንጋይ አነሳሁ።

«ድምፁንም?» አለችኝ እናቴ።

ድንጋዩን አስቀመጥኩ። ስልኬ ውስጥ ያለው በሽተኛው ኢዮስያስ ነው፣ እያቃሰተ። ጤነኛው ያለው ቀሰሙ ውስጥ ብቻ ነው፤ ለኩባንያው ጻፍኩላቸው፣ ድምፁ የመሣሪያው አካል ስለሆነ ተነጥሎ አይሰጥም አሉኝ። እናቴ በየጠዋቱ ወንበር አምጥታ ቁም ሳጥኑ ፊት መቀመጥ ያዘች። ግማሿን ቃል ትሰማለች፣ ቀሪዋን ትጠብቃለች፣ አትመጣም። እንባዋን ጠርጋ ትነሳለች።

«ሙሉውን እንዲል ምን ይደረጋል?» አለችኝ አንድ ቀን።

«መሳብ ነው፣ እማ።»

«እህ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም። ስለ ራሴ ብቻ ነበር የምፈራው፤ በየጠዋቱ ለመሳብ አንድ ስንዝር ሲቀረኝ ሮጬ እወጣ ነበር።

ሰው የኢዮስያስን አርባ ሊያወጣ ተዝካር ይደግሳል፣ እኔ የራሴን እቆጥራለሁ። አርባ ሞላኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። ምንም አላደረግኩም።

አርባ አንደኛው ቀን የገና ዋዜማ ነበር። መንገዱ በበግና በሰው ተጨናንቋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ በር ደረስኩ።

«ማንን ልትጠይቂ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ ጋሽ ናትናኤል። ታሪኬን ያውቁታል፣ ጠየቁኝ እንጂ።

«ማንንም። ልንፋ ብቻ።»

ተንቀሳቅሰው ቦታ ለቀቁልኝ። ነፋሁ። አረንጓዴ በራ። «ንጹህ። ይግቡ» አለ በሩ፣ ተከፈተም። ኮሪደሩ ታየኝ፣ አልጋው የቆመበት ቦታ ባዶ ነው። ጋሽ ናትናኤል ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። በሩ ትንሽ ጠበቀኝ፣ ሳልገባ ተመልሶ ተዘጋ።

በእግሬ ተመለስኩ። ለእናቴ ልነግራት ነበር የቸኮልኩት፤ ቻልኩት እማዬ፣ ቆይቶም ቢሆን ቻልኩት፣ እጅሽን አውጪው በቃ። የቤታችን በር ገርበብ ብሎ ነበር። ልገፋው እጄን ስዘረጋ ከውስጥ ሰማሁት።

«እታለም፣ ዛሬስ ምን ታመጪልኛለሽ?»

ሙሉውን። ሳቁም አለ። ሳቁ ሲያልቅ ሳል ተከተለ፣ የለመደ ሰው ሳል አልነበረም።

ገባሁ። እናቴ ቁም ሳጥኑ ፊት ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጩ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። ቀኝ እጇን ከነጠላዋ አውጥታዋለች። ቀሰሙን አልገለበጠችውም፣ ባለፈው እንዳሳየኋት አድርጋ ነው የያዘችው።